ሳይሞቅ የሚያበራ፤ ከልጆች ጋር በኒው ጀርሲ

ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ወላጆች የኒውዮርክን ፎቆች ካዩ በኋላ «ደግሞ የት እንውሰዳችሁ?» መባላቸው አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ አለኝ። የሃድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ባለው በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በመኪና በአንድ ቀን የሚዳረሱ ሦስት ቦታዎች አሉ። ሦስቱም ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ እሳት ሳይነድ፣ ዕቃው ሳይግል ስለሚወጣ ብርሃን። የመጀመሪያው ልጆችን ያስደስታል። ሁለተኛው ያስተምራል። ሦስተኛው ግን በተለይ ለወላጅ ነው።

ኦግደንስበርግ፤ ቀለም የሚያወጣው ዋሻ

ኦግደንስበርግ በግዛቱ ሰሜናዊ ክፍል፣ በሰሴክስ ካውንቲ ኮረብታዎች መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ የሚገኘው የስተርሊንግ ሂል የማዕድን ሙዚየም የቀድሞ የዚንክ ማውጫ ነው። ዚንክ የቤታችንን ጣሪያ ቆርቆሮ ከዝገት የሚጠብቀው ብረት ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የነበረው የፍራንክሊን ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1954 ተዘጋ። የስተርሊንግ ሂሉ እስከ 1986 ሲሠራ ቆይቶ ቆመ፤ በ1990 ለጎብኚዎች ተከፈተ። የታችኛው ክፍል ዛሬ በውኃ ተሞልቷል። ጎብኚ የሚገባው በላይኛው ዋሻ ብቻ ሲሆን መንገዱ በአብዛኛው ደልዳላ ነው። ውስጡ በጋም ክረምትም 13 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለአረጋውያን ሹራብ ወይም ጋቢ መያዝ ጥሩ ነው።

በዚህና በፍራንክሊን አካባቢ ብቻ ከ350 በላይ የማዕድን ዓይነቶች ተገኝተዋል። ከእነዚህ 90 የሚሆኑት በአልትራቫዮሌት ጨረር፣ ማለትም ዓይናችን በማያየው ጨረር ሲመቱ ያበራሉ። በአንድ አካባቢ ይህን ያህል መገኘቱ በዓለም እጅግ ብርቅ ነው።

እኔ የሄድኩት እናቴንና ልጆቼን ይዤ ነበር። አስጎብኚው ቀስተ ደመና ወደሚባለው ዋሻ ካስገባን በኋላ ተራውን መብራት አጠፋ። ግራጫ የነበረው ግድግዳ በአንድ ጊዜ አረንጓዴና ፍም የመሰለ ቀይ ሆነ። እናቴ በልጅነቷ ብረት ቀጥቃጮች ባሉበት ሰፈር ያደገች ናትና ወዲያው፦

«ምን አነደዱበት?» አለች።

«እማማ፣ እሳት የለውም። ንኪው!» አላት ትንሹ ልጄ።

እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ነካችው። «ይሄማ ይበርዳል!» አለችና ደግማ ነካችው። በዚህ ጊዜ ነጠላዋም ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ሲያበራ ልጆቹ አይተው ይስቁ ነበር። የልብስ ሳሙና ዱቄቶች ነጭ ልብስን ይበልጥ ነጭ ለማስመሰል የሚጨመርባቸው ቅመም አለ፤ እሱም እንደ ድንጋዩ የማይታየውን ጨረር ተቀብሎ የሚታይ ብርሃን ይመልሳል።

የእናቴ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ከጥንት ጀምሮ ሰው የሚያውቀው ብርሃን ከግለት የሚወጣውን ነው። ከሰል ሲግል ይቀላል። በወናፍ የተናፋ ብረት መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ ይበልጥ ሲግል ወደ ነጭ ይጠጋል። የጧፍና የኩራዝ ነበልባልም የሚያበራው በውስጡ ያለው የጥላሸት ብናኝ ስለሚግል ነው። በዚህ መንገድ ብርሃን ለማግኘት ዕቃው በሙሉ መጋል አለበት።

የዋሻው ድንጋይ ግን በሌላ መንገድ ያበራል። በድንጋዩ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ከመብራቱ ጨረር ጉልበት ሲያገኝ ከነበረበት ከፍ ወዳለ ደረጃ ይወጣል። እዚያ ብዙ አይቆይም፤ ተመልሶ ሲወርድ የተቀበለውን ጉልበት በብርሃን መልክ ይለቃል። ድንጋዩ መጋል አያስፈልገውም። ነገሩ ብድር በምድር እንደሚባለው ነው፤ ድንጋዩ የተበደረውን እዚያው ይከፍላል። ሙሉውን ግን አይመልስም። ጥቂቱ በውስጡ ይቀርና ጉልበቱ አነስ ያለ ብርሃን ይወጣል። የማይታይ ጨረር ገብቶ አረንጓዴ ወይም ቀይ የሚወጣው ለዚህ ነው።

አረንጓዴ የሚያበራው ዊልማይት የሚባለው የዚንክ ማዕድን ነው። ቀዩ ካልሳይት ነው፤ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዘር ነው። ሁለቱም እንዲያበሩ የሚያደርጋቸው በውስጣቸው በጥቂቱ የተቀላቀለ ማንጋኒዝ ነው። ያው ማንጋኒዝ በአንዱ ድንጋይ አረንጓዴ፣ በሌላው ቀይ ይሰጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፍራንክሊን ሠራተኞች ይህን ለሥራ ይጠቀሙበት ነበር። ከወፍጮው የወጣውን ድንጋይ በአልትራቫዮሌት ያዩታል፤ አረንጓዴ ከታየ ዚንክ ሊጣል ነው ማለት ነው።

አስጎብኚው መብራቱን ሲያጠፋ አብዛኛው ግድግዳ ወዲያው ጨለመ፤ አንዳንድ ቦታ ግን ለጥቂት ጊዜ ጭላንጭል ቀረ። ወዲያው የሚከፍሉት ፍሎረሰንት ይባላሉ። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1852 ያወጣው እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቶክስ ነው፤ ከመረመራቸው ነገሮች ዋናው ደግሞ የወባ መድኃኒቱ ኪኒን ነበር። ዕዳቸውን ቀስ ብለው የሚከፍሉት ሌላ ስም አላቸው፤ ፎስፎረሰንት ይባላሉ። በልጆች መኝታ ቤት ጣሪያ ላይ የሚለጠፉት የሚያበሩ ኮከቦች ከእነዚህ ናቸው።

ከዋሻው ስንወጣ ታላቋ ልጄ፣ «መብራቱ ባይኖርስ? ድንጋዩ ጉልበቱን ከየት ያመጣ ነበር?» ብላ ጠየቀች። የቀኑ ዋና ጥያቄ ይህ ነበር።

ዌስት ኦሬንጅ፤ የኤዲሰን ቤተ ሙከራ

ከኦግደንስበርግ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ገደማ ሲነዳ ዌስት ኦሬንጅ ይደረሳል። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1887 የከፈተው ቤተ ሙከራ ዛሬ በብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክነት ይጠበቃል። ቀይ የጡብ ሕንፃዎቹ፣ የማሽን ክፍሉና የኬሚስትሪ ክፍሉ ይጎበኛሉ።

የኤዲሰን ስም የሚታወቀው በግለት በሚያበራው አምፖል ነው። በዚያ አምፖል ውስጥ ቀጭን ክር በኤሌክትሪክ ግሎ ያበራል። ችግሩ ከሚገባው ኤሌክትሪክ ከአሥር አንድ እጅ ያነሰው ብቻ ብርሃን ሆኖ መውጣቱ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የድሮ አምፖል ሲቃጠል በጨርቅ ይዘን የምንፈታው ለዚህ ነበር።

ኤዲሰን በቀዝቃዛው ብርሃንም ሠርቷል። ኤክስሬይ መገኘቱ በተሰማ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ በጨረሩ ሲመታ ደምቆ የሚያበራ ነገር ለማግኘት ብዙ ኬሚካሎችን አስፈተሸ። ካልሲየም ተንግስቴት የሚባለው በልጦ ተገኘ። በእሱም የሰውን አጥንት በቀጥታ የሚያሳይ መመልከቻ ሠራ፤ ያንኑ ዱቄት በመብራት መልክ ለመጠቀምም ሞከረ።

ይህን ሥራ በእጁ የሚሠራው ክላረንስ ዳሊ የተባለ ረዳቱ ነበር። ዳሊ መሣሪያው መሥራቱን የሚፈትሸው የገዛ እጁን በጨረሩ ፊት አድርጎ ነበር። እጁ መጀመሪያ ቆሰለ፣ ከዚያ ካንሰር ያዘው። ሁለቱም ክንዶቹ ተቆርጠው እንኳ አልዳነም፤ እ.ኤ.አ. በ1904 በ39 ዓመቱ ሞተ። በአሜሪካ በኤክስሬይ ጨረር ከሞቱት የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል። ኤዲሰን በዳሊ ጉዳት ምክንያት ከኤክስሬይ ሥራ እጁን አወጣ።

ለልጄ ጥያቄ አንዱ መልስ እዚህ አለ። መብራቱ ባይኖር ኤክስሬይም ጉልበት ሊሰጥ ይችላል። ዱቄቱ ራሱ አልገደለም፤ ጉልበት የሰጠው ጨረር ነው የገደለው።

ኦሬንጅ፤ የሰዓት ቀቢዎቹ ልጃገረዶች

ከኤዲሰን ቤተ ሙከራ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ርቆ፣ ኦሬንጅ በምትባለው ከተማ፣ ሃይ ስትሪትና ኦልደን ስትሪት በሚገናኙበት አካባቢ የዩናይትድ ስቴትስ ሬዲየም ኮርፖሬሽን ፋብሪካ ነበር። ትኬት የሚቆረጥበት ቦታ አይደለም። የመኖሪያ ሰፈር ነው፤ የሚጎበኘው ታሪኩ ነው።

ሬዲየምን ማሪና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ካገኙት በኋላ አንድ ነገር ታወቀ። ሬዲየም ሳያቋርጥ ከራሱ ጨረር ይለቃል። በዚንክ ሰልፋይድ ዱቄት ላይ ሲጨመር ዱቄቱ ያለ መብራት፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያበራል። በኦግደንስበርግ ዋሻ ውስጥ መብራቱ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ሬዲየሙ ይሠራዋል። ኩባንያው ይህን ቀለም «አንዳርክ» ብሎ ሸጠው። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ወታደሮች በጨለማ የሚነበብ ሰዓት ፈለጉ፤ ሥራው ጎረፈ።

ቁጥሮቹን የሚቀቡት ወጣት ሴቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ገና 14 እና 15 ዓመታቸው ነበር። አንዲት ሠራተኛ በቀን እስከ 250 የሰዓት ፊት ትቀባለች። ቁጥሮቹ ደቃቅ ስለሆኑ የብሩሹ ጫፍ መሾል አለበት። አሠሪዎቹም ብሩሹን በከንፈራቸው እንዲያሾሉት አስተማሯቸው። በከንፈር ማሾል፣ ቀለም መንከር፣ መቀባት፤ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ መድገም ነበር። አያሌ ልጃገረዶች ቀለሙ ጎጂ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ የተሰጣቸው መልስ «አይጎዳም» የሚል ነበር።

ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት፣ «እናቶቻቸው የት ነበሩ?» አለች።

እናቶቻቸው ቤት ነበሩ፤ ደስ ብሏቸውም ነበር። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ደመወዙ ከሌላ ፋብሪካ ይሻላል። በዚያ ዘመን ሬዲየም በየሱቁ ለጤና ይጠቅማል ተብሎ ይሸጥ ነበር። ልጃቸው ማታ ወደ ቤት ስትገባ ፀጉሯና ቀሚሷ በጨለማ ያበራል፤ ሰፈሩ በሙሉ ያደንቃል። እንዲህ ያለ ሥራ ያገኘች ልጅ እህቶቿን ታስቀጥራለች። ከማጂያ ቤተሰብ ብቻ በርካታ እህትማማቾች በዚያ ሠርተዋል።

ከእህትማማቾቹ አንዷ ሞሊ ማጂያ መጀመሪያ ጥርሷን አመማት። ጥርሱ ተነቀለ፤ ቁስሉ አልድን አለ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ቀጥሎ መንጋጋዋ ፈራረሰ። እ.ኤ.አ. በ1922 በ24 ዓመቷ ሞተች። የሞቷ ምክንያት ተብሎ የተመዘገበው የአባለዘር በሽታ ነበር፤ ለቤተሰቡ በሐዘን ላይ ኀፍረት ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1927 አስከሬኗ ወጥቶ ሲመረመር አጥንቷ ጨረር ይለቅ ነበር።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሬዲየም በባሕርዩ ካልሲየምን ይመስላል። ሰውነት አጥንት የሚገነባበትን ካልሲየም ያገኘ መስሎት ሬዲየሙን ወስዶ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። እዚያ ተቀምጦ ሌሊትና ቀን ይጨርራል። በተለይ አጥንታቸው ገና በማደግ ላይ ላለ ልጆች ይህ የከፋ ነው። ሬዲየም ግማሹ እስኪጠፋ 1,600 ዓመት ይወስዳል፤ የልጅቱ ዕድሜ አይበቃውም።

ኩባንያው አላወቀም ማለት አይቻልም። የራሱ ኬሚስቶች ሬዲየም ሲይዙ በእርሳስ ግርዶሽና በመቆንጠጫ ይጠቀሙ ነበር። ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሐኪሞች መርምረው ሥራው አደገኛ መሆኑን ሲጽፉ ኩባንያው ሪፖርቱን ደብቆ ለመንግሥት የተዛባውን አቀረበ። እውነቱን በሕክምና ማስረጃ ያወጣው የአካባቢው የመንግሥት የአስከሬን መርማሪ ዶክተር ሃሪሰን ማርትላንድ ነው፤ ልጃገረዶቹ ከሚተነፍሱት አየር ጋር ራዶን የተባለው ጨረራማ ጋዝ እንደሚወጣ አሳየ።

ግሬስ ፍራየር የተባለችው ሠራተኛ ጠበቃ ለማግኘት ሁለት ዓመት ያህል ፈጀባት። በመጨረሻ ሬይመንድ ቤሪ የተባለ ወጣት ጠበቃ ጉዳዩን ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1927 አምስት ሴቶች ከሰሱ። ሁለቱ የሞሊ ማጂያ እህቶች ነበሩ። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ አንዳንዶቹ ለመሐላ እጃቸውን ማንሳት አልቻሉም። በሰኔ 1928 በስምምነት ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር፣ በየዓመቱ 600 ዶላርና የሕክምና ወጪ እንዲከፈላቸው ተወሰነ። ቀለሙን የፈለሰፈው ሳቢን ፎን ሶኮትስኪ በዚያው ዓመት በኅዳር ከጨረሩ በመጣ የደም በሽታ ሞተ። ግሬስ ፍራየር እ.ኤ.አ. በ1933 አረፈች።

የእነዚህ ሴቶች ሥቃይ ለሌሎች ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ በሰውነት ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የሬዲየም መጠን የሚገድብ የመጀመሪያውን መለኪያ ስታወጣ መሠረቱ የሰዓት ቀቢዎቹ ምርመራ ነበር። ዛሬ በሆስፒታል የራጅ ክፍል ለሚሠሩ ሰዎች የሚደረገው ጥንቃቄም ከዚህ መሰል ታሪክ የተወለደ ነው።

መሬቱም ዋጋ ከፍሏል። ከፋብሪካው የወጣው ጨረራማ ትራፊ ጎረቤት በሆኑት በዌስት ኦሬንጅ፣ በሞንትክሌርና በግሌን ሪጅ ዝቅ ያለ ቦታ መሙያ ሆኖ ነበር፤ በላዩም መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1926 ቢዘጋም ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ፣ ልጆች ከሚጫወቱበት ግቢ አፈሩ እየተቆፈረ መውጣት ጀመረ።

በሌላ ግዛት፣ በኢሊኖይ ኦታዋ ከተማ ተመሳሳይ ፋብሪካዎች ነበሩ። እዚያ አንዲት ተማሪ ስለ ልጃገረዶቹ አንብባ «ለምን መታሰቢያ የላቸውም?» ብላ ተነሳች። ቀራጺ አባቷ ሐውልቱን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመረቀ። ብሩሽና አበባ የያዘች የነሐስ ልጃገረድ ናት።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

የዛሬው ቀዝቃዛ ብርሃን በአብዛኛው ጉልበቱን ከኤሌክትሪክ ወይም ከቀን ብርሃን የሚወስድ ነው። ኤልኢዲ የሚባለው መብራት በውስጡ ያለች ትንሽ ሰማያዊ አብሪና ቢጫ የሚሰጥ ዱቄት ተጋግዘው ነጭ ያደርጉታል። እንደ አሮጌው አምፖል አይባክንም። አዳዲስ የሚያበሩ ሰዓቶችና መጫወቻዎች ከ1990ዎቹ ወዲህ የሚቀቡበት ስትሮንቲየም አሉሚኔት የተባለው ዱቄትም ጨረር አይለቅም። ሆኖም በየቤቱ መታወቅ ያለባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የአያቶች ሰዓት ነው። እስከ 1960ዎቹ ከተሠሩት የእጅና የጠረጴዛ ሰዓቶች ብዙዎቹ ቁጥራቸው በሬዲየም ቀለም የተቀባ ነው። ዛሬ በጨለማ ላያበሩ ይችላሉ፤ ይህ ግን ሬዲየሙ ማለቁን አያሳይም። ያለቀው ዚንክ ሰልፋይዱ ነው፤ በጨረሩ ብዛት አርጅቷል። ሬዲየሙ እንዳለ ነው። መስታወቱ ያልተሰበረ ሰዓት በመሳቢያ ቢቀመጥ ብዙ ጉዳት የለውም። ዋናው አደጋ ቀለሙ ተፈርፍሮ በአፍ ወይም በአፍንጫ ሲገባ ነው። ስለዚህ አትክፈቱት፣ ቁጥሩን አትፋቁት፣ ለልጅ መጫወቻ አትስጡት። ወደ ሰዓት ሠሪ ከወሰዳችሁትም ቀድማችሁ ንገሩት።

ሁለተኛው ረጅሙ ፍሎረሰንት አምፖል ነው። በውስጡ ያለው የሜርኩሪ ትነት አልትራቫዮሌት ይሰጣል፤ በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ የተቀባው ዱቄት ያንን ወደ ነጭ ብርሃን ይቀይረዋል። እ.ኤ.አ. እስከ 1949 በዱቄቱ ውስጥ ቤሪሊየም ይገባ ነበር፤ የሠራተኞችን ሳንባ ስለጎዳ ቀረ። ሜርኩሪው ግን አሁንም አለ። አምፖሉ ከተሰበረ ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ፣ መስኮት ከፍታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ስባሪውን በመጥረጊያ ሳይሆን በጠንካራ ወረቀት አንሱ፣ ቀሪውን በእርጥብ ወረቀት ጠርጉና ሁሉንም በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ።

ሦስተኛው በበዓልና በልደት ቀን የሚሸጠው ተጣጥፎ የሚያበራ ዱላ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው በውስጡ ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ ነው። ከተቀደደ ፈሳሹ ዓይንና አፍ ያቃጥላል፤ ሕፃን እንዳይነክሰው መጠበቅ ነው።

በሚያበራ ነገር መደነቅ መልካም ነው፤ የኦግደንስበርግ ዋሻ ውስጥ የገባ ልጅ ሁሉ ይደነቃል። የኦሬንጅ እናቶችም የልጃቸውን የሚያበራ ቀሚስ ሲያዩ ተደንቀው ነበር። ያጡት ፍቅር አልነበረም። «ጉልበቱ ከየት ነው የሚመጣው?» ብለው ሲጠይቁ እውነቱን የሚነግራቸው ሰው ነው ያጡት። ጥያቄውን ልጆቻችን ዛሬም ይጠይቁናል። መልሱን ባናውቀው እንኳ «ዝም በል» አንበላቸው፤ አብረን እንፈልገው።